ዘር ይለወጣልን? ስለ ዝግመተ ለውጥ የሚነሡ ክርክሮችና መልሶቻቸው

ዘርን ከገበሬ አብልጦ የሚያውቅ የለም። የትኛው ገብስ ቶሎ እንደሚደርስ፣ የትኛው ጤፍ ውርጭ እንደሚችል፣ የትኛዋ ላም ብዙ ወተት እንደምትሰጥ ገበሬ ያውቃል። ከአንድ ላም የተወለዱ ሁለት ጥጆች አንድ ዓይነት እንዳልሆኑም በዓይኑ ያያል። መልካሙን ለዘር ያስቀምጣል፤ ደካማውን ይሸጣል ወይም ይበላል።

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ጉዳይ ከዚሁ ከዘር ነገር የራቀ አይደለም። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ ሕያዋን ነገሮች በረጅም ዘመን ውስጥ እየተለወጡ አዲስ ዓይነት ይሆናሉ ወይስ ሁልጊዜ እንደነበሩ ይኖራሉ? በዚህ ጥያቄ ላይ በዓለም ብርቱ ክርክር ተደርጓል። ወሬው ወደኛም ይደርሳል። አንዱ "ሳይንስ ሰው ከዝንጀሮ መጣ ይላል" ብሎ ይስቃል፤ ሌላው ይቆጣል። እኛ ግን እንደ አገር ሽማግሌ ግራ ቀኙን ሰምተን ብንመዝን ይሻላል። ነገሩ እርሻችንንና ጤናችንን የሚነካ መሆኑንም ወደ መጨረሻው እናያለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

1. ዝግመተ ለውጥ ምንድን ነው?

መዝገም ማለት ቀስ ማለት ነው። ዝግመተ ለውጥም ቀስ በቀስ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚደረግ ለውጥ ማለት ነው።

ማሽላን እንውሰድ። የዱር ማሽላ ፍሬው ሲደርስ ይረግፋል። ይህ ለዱሩ ተክል ይጠቅመዋል፤ ዘሩ መሬት ላይ ወድቆ ይበቅላልና። ለሰው ግን አይመችም። የጥንት ሰዎች ሊሰበስቡ ሲወጡ ይበልጡን ያገኙት ያልረገፈውን ፍሬ ነው። ያንኑ ዘሩት። በየዓመቱ እንዲሁ ሲደረግ የማይረግፈው እየበዛ ሄደ። ዛሬ የምናጭደው ማሽላ ፍሬውን ይዞ አጫጁን ይጠብቃል። ይህን ያደረገው የሰው ምርጫ ነው።

ሰው በሌለበትስ ማን ይመርጣል? ድርቅ ይመርጣል። ብርድ ይመርጣል። በሽታ፣ አውሬና ረሀብ ይመርጣሉ። የተወለደው ሁሉ አድጎ አይወልድም። ለቦታው የተስማማ ባሕርይ ያለው ግን ብዙ ልጅ ይተዋል፤ ልጆቹም ያን ባሕርይ ይወርሳሉ። ይህ የተፈጥሮ ምርጫ ይባላል። ቻርልስ ዳርዊን የተባለ እንግሊዛዊ ይህንን ሐሳብ ከብዙ ማስረጃ ጋር በ1852 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣ። ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ደግሞ ጎርጎር ሜንዴል የተባለ መነኩሴ በገዳሙ ግቢ አተር እየዘራና እያዳቀለ መረመረ፤ ውጤቱንም በ1858 ዓ.ም. አሳተመ።

2. ክርክሩ የት ገነነ?

ክርክሩ ከሁሉ ይልቅ የገነነው በአሜሪካ ነው። በ1917 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ቴነሲ በሚባለው የአሜሪካ ክፍል ጆን ስኮፕስ የተባለ መምህር ፍርድ ቤት ቀረበ። ክሱ በሕግ የተከለከለውን ዝግመተ ለውጥ አስተምረሃል የሚል ነበር። ጥፋተኛ ተባለ፤ በገንዘብም ተቀጣ። ኋላ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በቅጣቱ አወሳሰን ጉድለት ምክንያት ፍርዱን ሻረው።

ዘመን አልፎ ዝግመተ ለውጥ በትምህርት ቤት መሰጠት ሲጀምር ተቃዋሚዎቹ መንገድ ለወጡ። "የፍጥረት ሳይንስ" የሚሉትን ትምህርት አዘጋጁና "ሁለቱም እኩል ይሰጥ" አሉ። በ1973 ዓ.ም. የአርካንሳስ ክፍለ ሀገር ይህንን በሕግ አወጀ። ታዲያ ሕጉን በመቃወም ፍርድ ቤት የሄዱት እነማን ነበሩ? ሃይማኖት የሌላቸው ሰዎች ይመስሉን ይሆናል። የመጀመሪያው ከሳሽ ግን ዊሊያም ማክሊን የተባሉ የሜቶዲስት ቄስ ነበሩ። የካቶሊክና የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጳጳሳትም ከከሳሾቹ ጋር ቆሙ። ዳኛው ዊሊያም ኦቨርተን የሁለቱንም ወገን ምስክሮች ሰምተው ታኅሣሥ 27 ቀን 1974 ዓ.ም. ፈረዱ። "የፍጥረት ሳይንስ" ሳይንስ አይደለም፤ ሊፈተንና ስሕተት ሆኖ ከተገኘም ሊጣል አይችልምና የሚል ነበር ፍርዱ። በ1979 ዓ.ም. የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሉዊዚያና የወጣውን ተመሳሳይ ሕግ ሻረ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ "ብልህ ንድፍ" በሚል አዲስ ስም የመጣው ትምህርት ዶቨር በተባለች ከተማ ምክንያት ለዳኛ ቀረበ። እሱም ሳይንስ አይደለም ተባለ።

ፍርድ ቤት ስለ ትምህርት ቤት ሕግ ይፈርዳል እንጂ ስለ ተፈጥሮ እውነት አይፈርድም። እውነቱን የሚለየው ማስረጃ ነው። ስለዚህ የተቃዋሚዎቹን ነጥቦች አንድ በአንድ አንሥተን ከማስረጃው ጋር እናስተያይ።

3. ነጥቦቹና መልሶቻቸው

ሀ) "ይህ ንድፈ ሐሳብ እንጂ የታወቀ ነገር አይደለም።"

በተራ ንግግር ንድፈ ሐሳብ ማለት ግምት ይመስላል። በሳይንስ ግን እንዲህ አይደለም። ብዙ የታዩ ነገሮችን አያይዞ የሚያስረዳ፣ ተደጋግሞ ተፈትኖ ያልወደቀ ማብራሪያ ንድፈ ሐሳብ ይባላል። ብዙ በሽታ የሚመጣው በዓይን በማይታዩ ተሐዋስያን ነው የሚለውም ንድፈ ሐሳብ ነው። በዚያው ንድፈ ሐሳብ ተመርተን ውኃ እናፈላለን፣ ልጆቻችንን እናስከትባለን።

ዝግመተ ለውጥም ሊወድቅ የሚችልበት ፈተና አለው። እጅግ ጥንታዊ በሆነው አለት ውስጥ፣ ዓሣ እንኳ ገና ባልነበረበት ዘመን፣ የላም ወይም የሰው አጥንት ቢገኝ ንድፈ ሐሳቡ ይናጋ ነበር። ሰዎች አለትን ለብዙ ዘመን ሲቆፍሩ ኖረዋል። እንዲህ ያለ አጥንት አልተገኘም።

ለ) "ማን አየው? ያላዩትን እንዴት ያምናሉ?"

በሌሊት በሬ ቢሰረቅ ሌባውን ያየ ሰው የለም። ቢሆንም ኮቴውን ተከትለን እንሄዳለን። ኮቴው ወንዝ ተሻግሮ የማን በረት እንደገባ እናገኛለን። የእግር ፈለግ፣ የተሰበረ አጥርና የወደቀ እበት አንድ ላይ ይመሰክራሉ። ዱሮ በአገራችን በአፈርሳታ ሲመረመርም ባለጉዳዩ ሁሉ የዓይን ምስክር ነበረው እንዴ? ሳይንስም ያለፈውን ዘመን የሚመረምረው በፈለግ ነው። አጥንት አንዱ ፈለግ ነው። የአለት ንጣፍ ሌላው ነው። በሕያዋን አካል ውስጥ ያለው ውርስ ሦስተኛው ነው። ሦስቱ ወደ አንድ በረት ሲመሩ ነገሩ ይጸናል።

ደግሞም ለውጥ በዓይን ሲታይ አልተገኘም ማለት ትክክል አይደለም። የስንዴ ዋግ ሲለወጥ በእኛ ዘመን ታይቷል። ይህን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ሐ) "መሬት ከጥቂት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ የላትም።"

በአሜሪካ ብዙ የዝግመተ ለውጥ ተቃዋሚዎች መሬት ከ6,000 እስከ 10,000 ዓመት ቢሆናት ነው ይላሉ። በአገራችንም በባሕረ ሐሳብ ሲቆጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት 5,500 ዘመን ይባላል። ይህ ቆጠራ በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት አባቶች ሲሠሩበት የኖሩት ነው። የአለትን ዕድሜ ለማወቅ ግን አለቱን ራሱን መመርመር ያስፈልጋል።

ምርመራው እንዴት ይሆናል? ጧፍ በአንድ ሰዓት ምን ያህል እንደሚቃጠል ካወቅን፣ የቀረውን አይተን ከበራ ስንት ሰዓት እንደሆነው እንናገራለን። ከእሳተ ገሞራ በሚወጣ አለትና አመድ ውስጥም እንደ ጧፍ የሚያልቅ ነገር አለ። ፖታሲየም ከሚባለው ንጥረ ነገር አንዱ ዓይነት ቀስ እያለ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ግማሹ ለመለወጥ 1 ቢሊዮን 250 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። አመዱ ውስጥ የተጠራቀመውን አርጎን ከቀረው ፖታሲየም ጋር በማስተያየት ዕድሜው ይሰላል።

"ይህ ሰዓት ቢሳሳትስ?" የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ሰዓት ሊሳሳት ይችላል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች በሌሎች ንጥረ ነገሮችም፣ ለምሳሌ ዩራኒየም ወደ እርሳስ በሚለወጥበት መንገድ፣ የሚለኩት። የተለያዩ ሰዓቶች ተቀራራቢ ጊዜ ሲናገሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ እኩል ተሳስተዋል ማለት ያስቸግራል። በዚህ መንገድ የመሬት ዕድሜ 4 ቢሊዮን 500 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑ ታውቋል።

መ) "ሰው ከዝንጀሮ ከመጣ ለምን ዛሬም ዝንጀሮ አለ?"

ይህ ከሁሉ በላይ የሚሰማ ጥያቄ ነው። ሳይንስ ግን ሰው ዛሬ ከምናየው ዝንጀሮ መጣ አይልም። የአጎትህ ልጅ አባትህ አይደለም። ሁለታችሁም ከአንድ አያት መጣችሁ እንጂ አንተ ከእሱ አልተወለድክም። አንተ በመወለድህም የአጎትህ ልጅ ከምድር አይጠፋም። ሰውና ቺምፓንዚ የሚባለው ጅራት የሌለው የጦጣ ዘመድ ከአንድ ጥንታዊ አያት መጥተው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ተለያዩ። ዝንጀሮ ደግሞ ከዚያ በፊት የተለየ የሩቅ ዘመድ ነው።

እኛ "በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች" እያልን እንተርታለን። በቅሎ አባቷን ብታፍርም ፈረስና አህያ ዘመዳሞች ባይሆኑ ኖሮ እሷ ራሷ ባልተወለደች ነበር። ላምና አህያ ግን አይዋለዱም፤ ዝምድናቸው የራቀ ነው።

ሠ) "መካከለኛ የሆነ አጥንት አልተገኘም።"

ለዚህ ነጥብ መልሱ ያለው በአገራችን አፈር ውስጥ ነው። በአፋር ምድር ሐዳር በሚባል ቦታ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰን የተባለ አሜሪካዊና ባልደረቦቹ የአንዲት ፍጥረት አፅም አገኙ። ከመላ አካሏ 40 ከመቶ ያህሉ ተገኘ። ድንቅነሽ ተባለች። ፈረንጆቹ ሉሲ ይሏታል። በአካባቢው ካሉት የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች ዕድሜዋ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ዓመት ያህል መሆኑ ታወቀ። ቁመቷ ከ1 ሜትር ብዙ አይበልጥም። የጭኗና የዳሌዋ አጥንት በሁለት እግር ቆማ ትሄድ እንደነበር ያሳያል። የእሷ ወገኖች አንጎል ግን የእኛን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነበር። እግር እንደ ሰው፣ አንጎል እንደ ጦጣ! መካከለኛ ማለት ከዚህ ሌላ ምን ይሆናል?

ከድንቅነሽ የሚቀድመውም ተገኝቷል። በ1987 ዓ.ም. እዚያው አፋር፣ በመካከለኛው አዋሽ፣ ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የእጅ አጥንት ስባሪ አነሡ። ከዚያ ቁፋሮው ቀጥሎ አርዲ የተባለችው አፅም ወጣች። ዕድሜዋ 4 ሚሊዮን 400 ሺህ ዓመት ነው። ዳሌዋ ቆሞ ለመሄድ ይረዳ ነበር፤ የእግሯ አውራ ጣት ግን እንደ ጦጣ ቅርንጫፍ ይጨብጥ ነበር። ወደ እኛ ዘመን የሚቀርበውም በዚያው በመካከለኛው አዋሽ፣ ሄርቶ በሚባል ቦታ በ1990 ዓ.ም. ተገኘ። ዕድሜው 160,000 ዓመት ያህል የሆነ፣ የእኛን የሚመስል የራስ ቅል ነው።

አሁን በቅደም ተከተል እናስቀምጣቸው። በጣም ጥንታዊዋ አርዲ ለዛፍ የሚሆን እግር አላት። ቀጥሎ ያለችው ድንቅነሽ የምድር መንገደኛ ናት፤ አንጎሏ ግን ትንሽ ነው። የኋለኛው የሄርቶ ሰው አንጎሉም ትልቅ ነው። ድንቅነሽ የእኛ ቀጥተኛ አያት ናት ወይስ የአያት እህት በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። በለውጡ መደረግ ላይ ግን ክርክር የላቸውም። አንዳንድ ተቃዋሚዎች በሁለት አፅሞች መካከል አዲስ ሲገኝ "አሁን ደግሞ ሁለት ክፍተት ሆነ" ይላሉ። በዚህ ዓይነት ከሆነ ማስረጃ በበዛ ቁጥር ጥያቄው አያልቅም።

ረ) "ትንሽ ለውጥ ይኖራል፤ አዲስ ዓይነት ግን ከቶ አይወጣም።"

"ገብስ ቢለወጥ ገብስ ነው፤ ውሻም ቢለወጥ ውሻ ነው" ይላሉ። ለዚህ መልሱን ከጓሯችን እናምጣ። ምጣድ የምናስስበትን ጎመን ዘር ሁላችንም እናውቀዋለን። በጾም የምንበላውን ሰናፍጭና በገበያ የሚሸጠውን ጥቅል ጎመንም እናውቃለን። ሦስቱ የተለያዩ ተክሎች ናቸው። የሚያገናኛቸውን ለማየት ወደ ውስጣቸው መግባት አለብን።

የእያንዳንዱ ሕያው ነገር አካል ሕዋስ በሚባሉ እጅግ ትንንሽ ክፍሎች የተሠራ ነው። በሕዋሱ ውስጥ ውርስን የሚያስተላልፉ እንደ ክር ያሉ ነገሮች አሉ። ክሮሞሶም ይባላሉ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይኖራሉ። ቁጥራቸው ይኸውና፦

ሰናፍጭ 8 ጥንድ፣
ጥቅል ጎመን 9 ጥንድ፣
ጎመን ዘር 17 ጥንድ።

8 ሲደመር 9 ስንት ይሆናል? 17 ይሆናል። በ1927 ዓ.ም. ገደማ በጃፓን ይሠራ የነበረ ኡ የሚባል ተመራማሪ ጎመን ዘር የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ልጅ ነው ብሎ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሁለቱን አዳቅለው ጎመን ዘርን በእጃቸው ደግመው ሠሩት። ስለዚህ ነገሩ በፈተና ተረጋግጧል።

እዚህ ላይ "በቅሎ ትመክን የለም እንዴ? ጎመን ዘር ለምን አልመከነም?" ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፈረስ 32 ጥንድ፣ አህያ 31 ጥንድ ክሮሞሶም አላቸው። በቅሎ ከእናቷ 32፣ ከአባቷ 31 ነጠላ ክር ትወስዳለች። ድምሩ 63 ነው። ክሮቹ በደንብ ጥንድ ሆነው ሊገጥሙ ስለማይችሉ በቅሎ አትወልድም። የጎመን ዘር የመጀመሪያው ዲቃላም እንደ በቅሎ ሊመክን ይገባው ነበር። ነገር ግን በተክሎች ላይ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነገር አለ። ክሮሞሶሞቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እጥፍ ይሆናሉ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ክር ጓደኛውን ያገኛል፤ ተክሉም ፍሬ ያፈራል። ከሁለቱ ወላጆቹ ጋር ግን መልሶ ቢዳቀል በቀላሉ አይዋለድም። ሰናፍጭም አይደለም፤ ጥቅል ጎመንም አይደለም። አዲስ ዓይነት ነው። የዳቦ ስንዴም በዚሁ መንገድ፣ 14 ጥንድ ካለው ስንዴና 7 ጥንድ ካለው የዱር ሣር የተገኘ ባለ 21 ጥንድ ነው።

አዲስ ዓይነት ሁሉ በዚህ አቋራጭ አይመጣም። አብዛኛው የሚወጣው እንደ አርዲና እንደ ድንቅነሽ ወገኖች በብዙ ሺህ ትውልድ ጥቂት በጥቂት እየተለየ ነው።

ሰ) "ዓይን ያህል ድንቅ ነገር በዕድል ሊሠራ አይችልም።"

ይህ ነጥብ እንዲህ ይቀርባል። ሞፈርና ቀንበር ያየ ሰው ጠራቢ እንዳላቸው ያውቃል፤ ታዲያ ከሞፈር የረቀቀው ዓይን እንዴት ያለ ሠራተኛ ይሆናል? ክርክሩ ደንበኛ ይመስላል። ነገር ግን ሞፈር ሞፈር አይወልድም። ሕያው ነገር ግን ይወልዳል፤ ልጆቹ ይለያያሉ፤ የሚሻለው ይተርፋል። ልዩነቱ በዕድል ይመጣል። ምርጫው ግን በዕድል አይደለም። እህል ወንፊት ላይ ሲወድቅ እንደ ዕድሉ ይወድቃል፤ ከታች የሚያልፈው ግን በቀዳዳው ልክ የሆነው ብቻ ነው።

ዓይንም በአንድ ቀን ሙሉ ሆኖ መገኘት አያስፈልገውም። የምድር ትል ዓይን የለውም፤ በቆዳው ብርሃንና ጨለማን ይለያል። በውኃ ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ጠፍጣፋ ትሎች ብርሃን የሚቀበል ትንሽ ጎድጓዳ ነጥብ አላቸው፤ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ያውቁበታል። ናውቲለስ የሚባል የባሕር እንስሳ ጎድጓዳው ጠብቦ እንደ መርፌ ቀዳዳ ሆኖለታል፤ ደብዛዛ ምስል ያያል። የዓሣ ዓይን ምስል የሚያጠራ ሌንስ አለው። እያንዳንዱ ደረጃ ለባለቤቱ ይጠቅማል። ከጨለማ ይልቅ ደብዛዛ ብርሃን ይሻላልና።

የእኛ ዓይን ደግሞ ጉድለት አለው። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱት ጅማቶች ብርሃን ከሚቀበለው ንጣፍ ፊት ለፊት ተዘርግተው በአንድ ቦታ ይወጣሉ። በዚያች ቦታ አናይም። ይህን እንፈትን። በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሁለት ምልክት እናድርግ፦ በግራ መስቀል፣ በቀኝ ጥቁር ነጥብ። በመካከላቸው የአራት ጣት ስፋት ይኑር። ግራ ዓይናችንን ሸፍነን በቀኝ ዓይናችን መስቀሉን ብቻ እንይ። ወረቀቱን ከክንድ ርቀት ቀስ እያልን ወደ ፊታችን እናቅርብ። በአንድ ቦታ ላይ ነጥቡ ይጠፋል! እንደገና ስናቀርብ ይመለሳል። የዓይን ጉድለት እንዲህ ያለው የመጣበትን መንገድ ያሳያል። ቤትን ሳያፈርሱ ጥቂት በጥቂት ሲያድሱት አንዳንድ ምሰሶ በማይመች ቦታ እንደሚቀር ማለት ነው።

ሸ) "ሁሉም ነገር እያረጀ ይፈርሳል፤ ሕይወት እንዴት እየረቀቀ ይሄዳል?"

ይህ አጭር መልስ ይበቃዋል። ምንም ኃይል ከውጭ የማይገባለት ነገር ይፈርሳል። መሬት ግን ከፀሐይ በየቀኑ ኃይል ትቀበላለች። ከትንሽ ፍሬ ትልቅ ዋርካ የሚበቅለው በዚሁ ኃይል ነው። ሕጉ ለዝግመተ ለውጥ እንቅፋት ቢሆን ኖሮ ጤፍም ባልበቀለ ነበር።

4. ይህን ማወቅ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

"ያለፈው አልፏል፤ ስለ ጥንቱ አጥንት ማወቅ ምን ያደርግልናል?" የሚል ይኖራል። ዝግመተ ለውጥ ግን ዛሬም በማሳችንና በደማችን ውስጥ ይሠራል።

ስለ ስንዴ ዋግ እንናገር። ለብዙ ዓመት ስንዴን ከግንድ ዋግ ይጠብቅ የነበረ አንድ የውርስ ባሕርይ ነበር። በ1991 ዓ.ም. ገደማ በኡጋንዳ ይህን ባሕርይ የሚያሸንፍ አዲስ የዋግ ዘር ተገኘ። በነፋስ ተጉዞ ወደ አገራችንም ገባ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ቢጫ ዋግ ብዙ ስንዴ አጠፋ። ያኔ ገበሬው ሁለቱን የሚቋቋመውን ዲገሉ የተባለ ስንዴ በስፋት ዘራ። መልካም ምርት ሰጠ። በ2006 ዓ.ም. ግን በባሌና በአርሲ ዲገሉን የሚያጠቃ ሌላ የግንድ ዋግ ዘር ተነሣ። ነዶ ሊሰበሰብ የታሰበበት ማሳ ባዶ ገለባ ሆኖ የቀረበት ገበሬ ነበር።

ምን ሆነ? ዋግ በቢሊዮን የሚቆጠር ዱቄት መሳይ ዘር ይበትናል። ከዚያ ሁሉ መካከል ጥቂቱ የተለየ ነው። ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ስንዴ ሲሆን፣ ያን ስንዴ መብላት የሚችለው ጥቂት ዋግ ሰፊ ማዕድ ያገኛል። ሌላው ዋግ ሲራብ እሱ ይባዛል። የተፈጥሮ ምርጫ ማለት ይኸው ነው። "ዘር አይለወጥም" ብሎ የተቀመጠ ገበሬ ይህን አይጠብቅም። የሚያውቅ ግን አስቀድሞ ይዘጋጃል።

የወባም ነገር እንዲሁ ነው። ክሎሮኪን ለብዙ ዘመን ወባን ያድን ነበር። መድኃኒቱን የሚችሉት የወባ ተሐዋስያን ሲተርፉና ሲባዙ ግን ኃይሉ ደከመ። በአገራችን ለአደገኛው የወባ ዓይነት በ1990 ዓ.ም. ገደማ በፋንሲዳር ተተካ። ፋንሲዳርም ቶሎ ተሸነፈ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ ኮአርተም የሚባለው መጣ። ለዚህኛውም የመላመድ ምልክት በምሥራቅ አፍሪካ ታይቷል።

ስለዚህ የሚከተሉትን እናድርግ።

አንደኛ፣ ማሳችንን በሙሉ በአንድ ዓይነት ዘር አንሸፍን። የአገሩን ዘርና የተሻሻለውን አደባልቀን በየክፍሉ እንዝራ። አባቶቻችን ብዙ ዓይነት ገብስና ማሽላ ጎን ለጎን ይዘሩ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሁለተኛ፣ በቅጠልና በግንድ ላይ አዲስ ዝገት መሳይ ነገር ስናይ ሳንዘገይ ለግብርና ባለሙያው እንንገር። ከሳምንት በኋላ ቢነገር ነፋስ ቀድሞ ወደ ጎረቤት ይወስደዋል።

ሦስተኛ፣ የወባ መድኃኒት ስንጀምር እንደታዘዘልን እንጨርስ። "ተሻለኝ" ብለን ለሌላ ቀን አናስቀር። በግማሽ የተወሰደ መድኃኒት ደካማውን ተሐዋሲ ገድሎ ብርቱውን ሊያስቀርብን ይችላል።

5. ስለ እምነትስ?

ይህን ትምህርት ያነበበ ሰው "እንግዲህ እምነቴን ልተው ነው?" ብሎ ሊሰጋ ይችላል። የአርካንሳሱን ሕግ የተቃወሙት ቄሶችና ጳጳሳት መሆናቸውን አይተናል። ስለ ዝግመተ ለውጥ በብዙ የተመራመረው ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። የካቶሊኩ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1989 ዓ.ም. ዝግመተ ለውጥ ከግምት ያለፈ ነገር መሆኑን ገልጸዋል። ሌሎች አማኞች ደግሞ እስከ ዛሬ አይቀበሉትም። ሳይንስ አጥንትን፣ አለትንና ዘርን ይመረምራል። ሰው ለምን እንደሚኖርና ምን ማምለክ እንዳለበት በሚዛንና በአጉሊ መነጽር አይለካም። ስለ አለት ዕድሜና ስለ ዋግ ዘር የሚነገር ነገር ግን የሚናገረው ማንም ይሁን ማን በማስረጃ መመዘን አለበት። ይህንን ጽሑፍም ቢሆን እንዲሁ እንመዝነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የሰው ምርጫና የተፈጥሮ ምርጫ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. በአካባቢያችን ዱሮ ይዘራ የነበረና አሁን የቀረ ዘር አለን? ለምን ቀረ?
3. "ሰው ከዝንጀሮ ከመጣ ለምን ዝንጀሮ አለ?" ለሚል ጎረቤት ምን ብለን እንመልስለታለን?
4. የሰናፍጭን፣ የጥቅል ጎመንንና የጎመን ዘርን የክሮሞሶም ቁጥር ጽፋችሁ ደምሩ። ድምሩ ምን ያሳያል?
5. የዓይኑን ፈተና በቡድን ሆናችሁ ሞክሩ። ግራ ዓይን ሲሆን የትኛውን ምልክት ማየት ይገባል?

የቃላት ፍቺ

ዝግመተ ለውጥ፦ ከትውልድ ወደ ትውልድ ቀስ በቀስ የሚደረግ የሕያዋን ለውጥ።
ንድፈ ሐሳብ፦ ብዙ ማስረጃን አያይዞ የሚያስረዳና የተፈተነ ማብራሪያ።
አፅም፦ የሞተ ሰው ወይም እንስሳ አጥንት።
ክሮሞሶም፦ በሕዋስ ውስጥ ያለ፣ ውርስን የሚያስተላልፍ እንደ ክር ያለ ነገር።
ተሐዋሲ፦ በዓይን የማይታይ በሽታ አምጪ ሕያው ነገር፤ ሲበዛ ተሐዋስያን።
ዋግ፦ የስንዴን ቅጠልና ግንድ እንደ ዝገት የሚያለብስ በሽታ።